«ሳቲቫ» የሚለው ስም የሚናገረውና የሚሸሽገው፦ የደርባን ካናቢስ እንደ ማሳያ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ካናቢስ በሕግ ከሚሸጥባቸው መደብሮች ወደ አንዱ የገባ ሰው በመደርደሪያው ላይ «ደርባን ፖይዘን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ማየቱ አይቀርም። ከስሙ ሥር «ሳቲቫ» የሚል ቃል፣ ከቃሉ ጎን ደግሞ ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር በመቶኛ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ሻጭ «ንቃት የሚሰጥ፣ ለቀን የሚሆን» የሚል ሐረግ ይጨምርበታል። ደርባን በደቡብ አፍሪካ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያለች የወደብ ከተማ መሆኗን፣ ተክሉም በዚያ አካባቢ ገበሬዎች እጅ ለብዙ ትውልድ ሲመረጥ የኖረ መሆኑን የሚናገር ነገር ግን በብልቃጡ ላይ የለም። ሳቲቫ የሚለው ቃል በገበያው ውስጥ የስሜት መግለጫ ሆኗል። ቃሉ በእርግጥ ሊነግረን የሚችለው ግን የተክሉ አያቶች በየትኛው ፀሐይ ሥር፣ በየትኛው ወቅትና በማን እጅ እንደኖሩ ነው። ቦታው ከስሙ ሲፋቅ የባለ ዘሩ መብትም አብሮ እንደሚፋቅ አምናለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ተክሉን «ካናቢስ ሳቲቫ» ብሎ ሲሰይመው በፊቱ የነበረው አውሮፓውያን ለገመድና ለሸራ የሚያመርቱት የቃጫ ተክል ነበር፤ ሳቲቫ የሚለው የላቲን ቃልም «የሚዘራ፣ በእርሻ የሚመረት» ማለት ነው እንጂ ስለ ስካርም ሆነ ስለ ንቃት የሚለው ነገር የለም። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1785፣ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ ከሕንድ የመጣለትን ናሙና መርምሮ ከአውሮፓው ቃጫ የተለየና ይበልጥ የሚያሰክር መሆኑን በመግለጽ «ካናቢስ ኢንዲካ» የሚል ስም አወጣለት። ላማርክ ኢንዲካ ያለው ይህ የሕንድ ተክል ቀጫጭን ቅጠል ያለው ነበር። የአፍሪካ ካናቢስም በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በኩል ከደቡብ እስያ እንደመጣ ስለሚታመን፣ ዛሬ በመደብር ሳቲቫ የሚባለው የደርባን ተክል በላማርክ መመዘኛ ቢታይ ኢንዲካ ሊባል ይገባው ነበር። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኢቫንስ ሹልተስ የአፍጋኒስታንን አጭርና ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ኢንዲካ ብሎ ከገለጸ በኋላ ስሞቹ በሕዝብ አፍ ቦታ ተቀያየሩ፤ ረጅምና ቀጭን ቅጠል ያለው ሁሉ ሳቲቫ፣ አጭርና ሰፊ ቅጠል ያለው ሁሉ ኢንዲካ ተባለ። በ1976 ኧርነስት ስሞልና አርተር ክሮንኲስት ሁሉም አንድ ዝርያ እንደሆነ የሚያስረዳ ጥናት ያወጡ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሚስማሙት በዚሁ ነው። በመደብር የምናነባቸው ሁለቱ ቃላት እንግዲህ የሳይንስ ክፍፍል ሳይሆኑ ከሳይንስ ተወስደው ትርጉማቸው የተለወጠ የገበያ ቃላት ናቸው።

ይህ ማለት ግን በተክሎቹ መካከል ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ልዩነት አለ፤ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ሳቲቫ የሚያመዝንበት ተክል ከቤት ውጭ፣ ጥሩ አፈር ላይ ሲያድግ ከሦስት ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ቅጠሉ እንደ ጣቶች የተዘረጉ ቀጫጭን ክፍሎች ያሉት ሲሆን ቀለሙ ከአፍጋኑ ተክል ፈካ ያለ ነው። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ነፋስና ብርሃን እስከ ታችኛው ቅርንጫፍ ይደርሳሉ። አበባው ጠጥሮ የተቋጠረ ሳይሆን ላላ ብሎ በግንዱ ዙሪያ የረዘመ ዘለላ ነው። የደርባኑ ተክል አበባ ሲታሽ ከሌሎቹ የሚለየው ጣፋጭና እንስላል የሚመስል ሽታ ይወጣዋል፤ ለዚህ መዓዛ ትልቁን ድርሻ የሚሰጡት ቴርፒን የተባሉት ተናኝ ቅባቶች ሲሆኑ፣ በደርባን ፖይዘን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚገኘው ቴርፒኖሊን የተባለው ነው።

እነዚህ ጠባዮች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብርሃንና እርጥበት ነው። ካናቢስ የሌሊቱን ርዝመት የሚለካ ተክል ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ፋይቶክሮም የተባለ ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር ጨለማው መርዘሙን ሲያረጋግጥ ተክሉ ቁመት መጨመሩን ትቶ ወደ አበባ ይዞራል። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ለረጅም ጊዜ ማሳ ላይ የሚቆየው የአገራችን ማሽላም የሚያዘረዝርበትን ጊዜ የሚወስነው ቀኑ በማጠሩ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ የምድር ወገብ ቅርበት ልጅ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ባትወጣና በ12 ሰዓት ገደማ ባትጠልቅ ኖሮ ቀኑን ከንጋት መቁጠር ባልተመቸን ነበር። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በአምስተርዳም ግን ልዩነቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል።

በምድር ወገብ አቅራቢያ የኖረ ካናቢስ ከዚህ የተነሣ አይቸኩልም። ውርጭ የሚባል ጠላት አያውቅም፣ የቀኑም ርዝመት በግልጽ አያስጠነቅቀውም፤ ስለዚህ አበባው ከጀመረ እስኪደርስ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሊወስድበት ይችላል፣ እያበበም ቁመት መጨመሩን አያቆምም። በአፍጋኒስታን ተራሮች የኖረው ደግሞ የመከር ብርድ ሳይደርስበት ዘሩን ማፍራት ስላለበት በስምንት ሳምንት ገደማ ይጨርሳል፣ ቁመቱም አጭር ነው። የደርባን ተክል በዚህ ሥዕል ውስጥ ያለው ስፍራ ልዩ ነው። ደርባን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይህ ርቀት የአፍጋኒስታኗ ከተማ ካንዳሃር በስተ ሰሜን ካለችበት ብዙም አይለይም። የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነትም ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ የደርባኑ ተክል ቅጠሉና ቁመናው የሞቃቱ ዓለም ሲሆን የጊዜ ስሌቱ ግን ክረምትና በጋ በግልጽ የሚለዩበት አገር ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ይህ ተክል በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካ ተወስዶ፣ ከዚያም ወደ አምስተርዳም የዘር ሻጮች ደርሶ በሰሜኑ ዓለም ለመላመድ የበቃው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከ9 እስከ 17 ዲግሪ ደቡብ መካከል ያለችው የማላዊ ካናቢስ ያን ያህል ዝና እያላት በሆላንድ መስክ ላይ ሳትደርስ ብርድ የሚቀድማት ስለዚህ ነው። «ሁለቱም ሳቲቫ ናቸው» የሚል ሰው ስለ ሁለቱ የነገረን ነገር በጣም ጥቂት ነው።

የላላውም አበባ ትርጉም አለው። የደርባን በጋ ሞቃትና ዝናባማ ነው፤ ከውቅያኖሱ የሚነሣው እርጥበት ጠጥሮ የተቋጠረ አበባ ውስጥ ሲገባ መውጫ ስለማያገኝ ግራጫ ሻጋታ ከውስጥ ይበላዋል፣ ገበሬውም የሚያየው ከረፈደ በኋላ ነው። የአፍጋኑ ተክል በደረቅ አየር የኖረ ስለሆነ ይህን አልተማረም። በእርጥበት አገር ሻጋታ የያዘውን ነቅሎ የተረፈውን ዘር ለከርሞ ያስቀመጠ ገበሬ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ አየር የሚያሳልፍ አበባ ያለውን ተክል እየመረጠ ነበር። ባለሙያ አርቢዎች ዛሬ «የሻጋታ መቋቋም» ብለው በካታሎግ የሚያስተዋውቁት ጠባይ ከዚህ ምርጫ የመጣ ነው።

ተክሉ ወደ መብራት ቤት ሲገባ ደግሞ ጠባዩ ሁሉ ወጪ ይሆናል። በአዳራሽ ውስጥ የሚያመርቱ ድርጅቶች 12 ሰዓት ብርሃንና 12 ሰዓት ጨለማ በመስጠት አበባውን ያስጀምራሉ፤ ሳቲቫ የሚያመዝንበት ተክል ግን ከዚያ በኋላም ቁመቱን እጥፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከጣሪያውና ከመብራቱ ጋር ይጋጫል። አራት ወር የሚቆይ አበባ በሁለት ወር ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸር በዓመት የሚሰበሰበውን ምርት በግማሽ ይቀንሰዋል። ነጋዴው ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ማዳቀል ነው፤ ቀጭኑንና ረጅሙን ከአፍጋኑ ጋር አዳቅሎ ቁመቱን ያሳጥራል፣ ጊዜውን ይቀንሳል። «70 በመቶ ሳቲቫ፣ 30 በመቶ ኢንዲካ» የሚሉት ቁጥሮች የመጡት ከዚህ ነው። ቁጥሮቹ አርቢው ስለ ዘር ሐረጉ የሰጠው ግምት እንጂ በላቦራቶሪ የተለካ ድርሻ አለመሆናቸውን ገዢው ሊያውቅ ይገባል።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር ልበል፤ ከጉዳዩ ብዙም አያርቀንም። በ2012 ኢቫን ሚልስ የተባሉ ተመራማሪ ባወጡት ስሌት በቤት ውስጥ የሚመረተው ካናቢስ ከአሜሪካ ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1 በመቶውን ይወስድ ነበር። በ2021 ከኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ በቤት ውስጥ የሚመረት አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ አበባ እንደየግዛቱ ከ2,283 እስከ 5,184 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣጠን ጋዝ እንደሚያስወጣ አሳይቷል። በደርባን ኮረብታ ፀሐይ በነጻ የምትሰጠውን ነገር በዴንቨር መጋዘን በከሰልና በጋዝ ኃይል መልሶ መፍጠር ማለት ነው። ተክሉ ከአገሩ ሲወጣ ቦታው አይጠፋም፤ በኤሌክትሪክ ክፍያ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

የቁመናው ነገር ይህ ከሆነ፣ ሻጩ ተስፋ የሚሰጥበት ስሜትስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ከመለያው ጋር አይሄድም። ቲኤችሲ ምን እንደሆነ ያወቅነው በ1964 በእስራኤል ራፋኤል ሜሹላምና ይሒኤል ጋኦኒ ንጥረ ነገሩን ለይተው ባወጡ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ተዛማጅ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል። በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች ባወጡት የዘረ መል ጥናት «መቶ በመቶ ሳቲቫ» ተብሎ የቀረበ የጃማይካ ናሙና «መቶ በመቶ ኢንዲካ» ከተባለ የአፍጋኒስታን ናሙና ጋር አንድ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ተመሳስሎ ተገኝቷል። በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ሁለቱ ስሞች ከአጠቃላይ ዘረ መሉ ጋር ያላቸው ግንኙነት ደካማ መሆኑ፣ በተወሰነ ደረጃ የሚገጥሙትም ሽታን ከሚወስኑ ጥቂት ቴርፒኖች ጋር መሆኑ ታይቷል። በ2022 ደግሞ በስድስት የአሜሪካ ግዛቶች የተሰበሰቡ 90,000 የሚጠጉ የላቦራቶሪ ውጤቶች ተመርምረው ሳቲቫ፣ ኢንዲካና ድቅል የሚሉት መለያዎች ከኬሚካላዊ ይዘቱ ጋር እንደማይጣጣሙ ተረጋግጧል። ሰው አሽትቶ «ይህ ሳቲቫ ነው» ይላል፤ ስሙም ከሽታው ጋር ይጣበቃል። ሽታው ግን ስለ ተክሉ ትውልድ ወይም ስለሚያመጣው ለውጥ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የአፍሪካ ካናቢስ አንድ የኬሚስትሪ ልዩ ምልክት አለው ከተባለ ቲኤችሲቪ የሚባለው ነው። ይህ የቲኤችሲ ታናሽ ወንድም በኬሚካላዊ ጅራቱ ሁለት የካርቦን አተሞች የሚያንሱት ሲሆን፣ ከደቡባዊ አፍሪካ በመጡ ዘሮች ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ይገኛል። ሻጮች የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል እያሉ ያወድሱታል። በገበያ ላይ ባለው ደርባን ፖይዘን ውስጥ ያለው መጠን ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ቲኤችሲው በአንጻሩ 15፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ሰውዬው የሚሰማው በአብዛኛው ይኸኛው ነው። በዚህ ላይ መሸፋፈን አይገባም፤ በ2019 በአውሮፓና በብራዚል በ11 ስፍራዎች የተሠራ ጥናት ቲኤችሲው ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ፈጽሞ ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ በአእምሮ መቃወስ የመያዝ ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ የቀረበ ሆኖ አግኝቷል። «ለቀን የሚሆን» የሚለው ሐረግ ይህን አይናገርም። በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ዜግነት ገና ላልያዙ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላም የማይናገረው ነገር አለ፦ የአገሪቱ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በ2019 ባወጣው መመሪያ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ ተግባር፣ በዚያ መስክ ተቀጥሮ መሥራትም ጭምር፣ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ በመሆኑ የዜግነት ጥያቄን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል።

ወደ ባለ ዘሮቹ እንመለስ፤ የነገሩ ልብ እዚያ ነው። ተክሉ በአፍሪካ የተጓዘበትን መንገድ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። የሕንዱ «ባንግ» በስዋሂሊ «ባንጊ»፣ በዚምባብዌ «ምባንጄ» ሆኗል፤ ማላዊ «ቻምባ»፣ ዙሉዎች «ኢንሳንጉ»፣ የሌሶቶ ሰዎች «ማቴኮአኔ» ይሉታል። በደቡብ አፍሪካ የተለመደው «ዳጋ» የሚለው ስም ከኮይ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ የኬፕ የመጀመሪያው የደች አዛዥ ያን ቫን ሪቤክ በ1658 ቃሉን በማስታወሻው መዝግቦታል። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ማስረጃም አለ። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር አይምታታ) በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ቅሪቶች ተመርምረው የካናቢስ ንጥረ ነገር ምልክት አሳይተዋል፤ ውጤቱ በ1975 የታተመ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ13ኛውና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ተገምቷል። ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወደ እኛ ዓለም የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ዕቃዎቹ ለትምባሆ የተሠሩ ሊሆኑ አይችሉም። በአፍሪካ ምድር ለካናቢስ ማጨስ ከተገኙት ጥንታዊ ቁሳዊ ማስረጃዎች አንዱ እንግዲህ በበጌምድር ምድር የተገኘ ነው።

ክልከላውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1870 የናታል ቅኝ ግዛት ደርባን አካባቢ ለሸንኮራ አገዳ ሥራ የመጡ ሕንዳውያን ሠራተኞች ተክሉን እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1922 ደቡብ አፍሪካ በአገር ደረጃ ከለከለች፤ በ1923 ተክሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ለመንግሥታቱ ማኅበር ጥያቄ አቀረበች፤ የግብፅ ልዑካንም በጄኔቫ አጥብቀው ከተከራከሩ በኋላ በ1925ቱ ስምምነት ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል በምሥራቅ ኬፕ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው የምፖንዶላንድ ገበሬዎች ከበቆሏቸው ጎን፣ መንገድ በማይደርስበት ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ተክሉን ማምረት ቀጠሉ። ለልጅ የትምህርት ቤት ክፍያና ለዘይት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው ከዚህ ነበር። መንግሥት ለዓመታት በፖሊስ ሄሊኮፕተር ግላይፎሴት የተባለ የአረም ማጥፊያ ሲረጭባቸው ኬሚካሉ በበቆሎውና በአትክልቱም ላይ ያርፍ ነበር።

ሕጉ በመጨረሻ ሲለወጥ ለውጡ የመጣው ለእነርሱ አልነበረም። ራስተፈሪያዊው ጋሬት ፕሪንስ ለረጅም ዓመታት የተሟገቱበት ጉዳይ በመስከረም 2018 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተወስኖ አዋቂ ሰው በግል ስፍራው ካናቢስ ማምረትና መጠቀም ተፈቀደለት። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በግንቦት 2024 የፈረሙት ሕግም ይህንኑ የግል መብት አጸና፤ መሸጥ ግን እንደተከለከለ ቀረ። ለጆሃንስበርጉ ነዋሪ ይህ ነጻነት ነው፤ ከገበሬው ይገዛ የነበረውን አሁን በጓሮው ይተክላል። ለምፖንዶላንዱ ገበሬ ግን ደንበኛውን ያጣበት ቀን ነው። በሕጋዊ መንገድ ልሽጥ ቢል ሁለት በር ይጠብቀዋል። አንደኛው በ2021 የተከፈተው የሄምፕ (የማያሰክረው የቃጫ ካናቢስ) ፈቃድ ሲሆን የቲኤችሲው ጣሪያ በዚያ ጊዜ 0.2 በመቶ ሆኖ ተደነገገ፤ በአያቶቹ የተመረጠው ዘር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ለመድኃኒት የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን አጥር፣ ጥበቃ፣ ላቦራቶሪና የተቀባይ አገር ውል ይጠይቃል። ሌሶቶ በ2017 ከአፍሪካ ቀድማ ለመድኃኒት ምርት ፈቃድ ስትሰጥ፣ ማላዊም በየካቲት 2020 ሕጓን ስትለውጥ የታየው ከዚህ አይለይም፤ ፈቃዱ ካፒታል ላለው ኩባንያ የተሰፋ ልብስ ነው። በማላዊ የንኮታኮታ ገበሬዎች አበባውን በበቆሎ ሽፋን ወይም በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ በገመድ አጥብቀው አስረው እስኪብላላ የሚያቆዩበት ጥበብ «ማላዊ ጎልድ» የሚለውን ስም በዓለም ያስጠራ ነው፤ የዚያ ጥበብ ባለቤት ግን ፈቃድ ከሚያገኙት መካከል አይደለም።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጤፍን የሆላንድ ኩባንያ በፈጠራ መብት ይዞት የነበረ መሆኑን፣ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ እስኪያደርገው ድረስም ስንት እንዳነጋገረ እናስታውሳለን። ፍርድ ቤቱ ሥራው የፈጠራ ደረጃ የለውም ያለው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀቱ ለኢትዮጵያ እናቶች አዲስ ስላልነበረ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። የካናቢስ ባለ ዘሮች ግን ይህን ያህል እንኳ መከራከር አይችሉም፤ ዘሩ ከእጃቸው የወጣው ይዞ መገኘት ወንጀል በነበረበት ዘመን ስለሆነ «የእኔ ነው» ብሎ መመስከር ራስን መክሰስ ነበር። ከዘረ መል ሀብት የሚገኝ ጥቅም ለባለ አገሩ እንዲካፈል የሚያስገድደው የናጎያ ፕሮቶኮል በ2014 ሥራ ላይ ከመዋሉ ከብዙ ዓመታት በፊት የደርባን ዘር በአምስተርዳም ካታሎግ ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ተክሉን ማምረትንም መያዝንም ይከለክላል፤ ሕጉ እንዲለወጥ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ይሁንና «የኢትዮጵያ» የሚል መጠሪያ ያለው ሳቲቫ ዘር በአውሮፓ የዘር ሻጮች ዘንድ እንደሚሸጥ ማወቅ ይገባናል። አንድ ተክል በአገሩ መከልከሉ ሌላው ዘሩን ወስዶ በአገሩ ስም እንዳይነግድ አያግድም።

አሁን ደግሞ አዲስ አደጋ መጥቷል፤ ከሄሊኮፕተሩ ይልቅ ዝም ያለ ነው። ካናቢስ እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴው የሚለይ ተክል ነው፤ የወንዴው ብናኝ በነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በመደብር የሚሸጠው ደርባን ፖይዘን ብዙውን ጊዜ ከተመረጠች እናት ተክል ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የሚባዛ ስለሆነ ከአንዲት እናት የመጣው ሁሉ በዘረ መል አንድ ነው። የገበሬው ዘር ግን ሕዝብ ነው፤ በአንድ ማሳ ውስጥ ድርቅ የሚችለው፣ ሻጋታ የማይነካው፣ ቀድሞ የሚደርሰውና የሚዘገየው አብረው ይቆማሉ፣ በጎተራ ያለ የጤፍ ዘር አንድ ዓይነት እንዳልሆነው ሁሉ። ይህ ልዩ ልዩነት ነው ለነገው አርቢ ጥሬ ሀብት የሚሆነው። የከተማ ገዢዎች በመብራት ቤት የሚመረተውን ጠጣር አበባ መምረጥ ከጀመሩ ወዲህ አንዳንድ የምፖንዶላንድ ገበሬዎች ከውጭ የመጣ ድቅል ዘር ገዝተው መዝራት ጀምረዋል፤ በሌላ በኩል ሄምፕ በሰፊ ማሳ ሲዘራ የእርሱም ብናኝ በዚያው ነፋስ ይነሣል። በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ከሚዘራው ማሳ ወንዴዎቹ የሚያብቡት በጥርና በየካቲት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከጎረቤት ኮረብታ የመጣ ብናኝ ያረፈባት ሴት ተክል ዘሯን ስታፈራ በውጪ መልኳ ያው ናት፤ ገበሬውም እንደ ወትሮው ጥሩ ጥሩውን ለቅሞ ለከርሞ ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠው ግን የአያቱ ዘር አለመሆኑን የሚያውቀው በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሲከብድና አበባው ከውስጥ መሻገት ሲጀምር ነው።